ፕሮቲንን በከፍተኛ ግፊት እየጨመቁ በፍሎረሰንስ ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በዋናነት የተጻፈው ፍሎረሰንስ መለካት ለሚችሉ፣ ግን ግፊት ነክተው ለማያውቁ ተማሪዎች ነው። ሌላውም ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ያለ ችግር ይከታተላቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎረሰንስ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አንድ ሞለኪውል ብርሃን ይውጣል፤ ከአፍታ በኋላ የሞገድ ርዝመቱ ረዘም ያለ ብርሃን መልሶ ይተፋል። በቃ ይኸው ነው። አፍታ ስንልም የምር አፍታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ናኖሰከንድ። ስሙን ያወጣለት ጆርጅ ስቶክስ ነው፣ በ1852። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚወጣው ብርሃን ቀለምና መጠን ሞለኪውሉ ዙሪያ ምን እንዳለ ያሳብቃል። ውሃ ከብቦታል? ወይስ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ተወሽቋል? እንደ ልቡ ይሽከረከራል? ወይስ ከትልቅ ነገር ጋር ተጣብቆ ነው ያለው? ይህን ሁሉ ፕሮቲኑን ሳንነካው፣ በውጭ ቆመን እናነባለን። ታዲያ ወፍራም ብረት ውስጥ ተዘግቶ የሚጨመቅን ነገር ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

ስንት ግፊት ነው የምታወሩት?

ብዙ። ባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 0.1 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ሩብ ያህል ያንሳል። ውቅያኖስ ውስጥ በየ10 ሜትሩ 0.1 ሜጋፓስካል ይጨምራል፤ ስለዚህ ማሪያና በሚባለው የዓለማችን ጥልቅ የባሕር ገደል ሥር፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ግድም ወርደን፣ 110 ሜጋፓስካል አካባቢ እናገኛለን። ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ 200፣ 300፣ አንዳንዴም 400 ሜጋፓስካል ድረስ እንወጣለን።

የድሮ ጽሑፎች በባርና በኪሎባር ነው የሚያወሩት። 1 ኪሎባር 100 ሜጋፓስካል ነው። ይህችን በቃላችሁ ያዟት፤ አለዚያ አንድ ቀን ዜሮ ታስገባላችሁ ወይ ትጥላላችሁ።

ፕሬዠር ኩከር ስጋ የሚያበስለው በግፊት አይደል እንዴ?

አይደለም፣ በሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በላይ 0.1 ሜጋፓስካል ያህል ቢጨምር ነው። ይህ ፕሮቲንን በቀጥታ ምንም አያደርገውም። ሥራው ውሃው ሳይፈላ የበለጠ እንዲሞቅ መፍቀድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ዕቃው ለእኛ ከቆላው ሰው ይልቅ ይጠቅመናል፤ ግን ያም ቢሆን የእሳት ጉዳይ ነው።

ያለ እሳት፣ በግፊት ብቻ ያበሰለው ፐርሲ ብሪጅማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በ1914 የእንቁላል ነጩን ክፍል በተራ የክፍል ሙቀት ወደ 7,000 ከባቢ አየር ጨመቀው። ሲያወጣው ረግቶ ጠንክሯል። መልኩ የተቀቀለ እንቁላል ይመስላል፤ እሳት ግን አላየም። ብሪጅማን በከፍተኛ ግፊት ሥራዎቹ በ1946 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። የእንቁላሏ ጽሑፍ በጣም አጭር ናት፤ የእኛ ሙያ ግን የሚቆጠረው ከእሷ ነው።

ሙቀትና ዩሪያ እያሉ ለምን በግፊት ልድከም?

ትክክለኛው ጥያቄ ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፕሮቲን ተጣጥፎ ቅርጽ የያዘ ረዥም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ እጥፋቱን ለማጥናት እንፈታዋለን። ሙቀትና ዩሪያ የተባለው ኬሚካል የተለመዱት መፍቻዎች ናቸው።

ፕሮቲንን ስታሞቁት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትለውጣላችሁ። ሞለኪውሎቹ የሚንቀጠቀጡበት ኃይል ይጨምራል፣ በዚያው ላይ ፈሳሹ ይለጠጣል። ዩሪያ ስትጨምሩ ደግሞ የፈሳሹን ኬሚስትሪ ራሱን ትቀይራላችሁ፤ ዩሪያው ፕሮቲኑን ይነካዋል፣ ይጣበቅበታል። ውጤቱን ስታዩ የቱ ምን እንዳደረገ ለመለየት ትቸገራላችሁ።

ግፊት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቮሊዩም። ማለትም ነገሩ የሚይዘውን ቦታ። የሙቀቱን መጠን እንደነበረ ይዛችሁ ግፊት ስትጨምሩ፣ ሚዛኑ ጠቅላላ ቦታው ወደሚያንስበት ወገን ያጋድላል። ፕሮቲኑ ተፍታትቶ፣ የከበበው ውሃ ጭምር ተቆጥሮ፣ ከተጣጠፈው ያነሰ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ግፊቱ ይፈታዋል። በሚገርም ሁኔታ አብዛኞቹ ፕሮቲኖች እንዲህ ናቸው።

ለምን? የተጣጠፈ ፕሮቲን ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ይመስላል፤ ግን ፍጹም አይገጥምም። ውሃ የማይገባባቸው ትንንሽ ባዶ ቦታዎች ይቀራሉ። ሲፈታ ውሃ ይሞላቸዋል፣ ባዶው ይጠፋል፣ ጠቅላላ ቦታው ይቀንሳል። ይህ ድሮም ይጠረጠር ነበር። ካትሪን ሮየርና ባልደረቦቿ በ2012 ባሳተሙት ሥራ በአንድ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ አሚኖ አሲዶች በትንንሽ እየተኩ ሆን ብለው ጉድጓድ ፈጠሩ። የቮሊዩም ለውጡ ጉድጓዱን ተከትሎ አደገ። እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ ለተማሪ መጀመሪያ የማሳየው ነው፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ብዙ አይዘልቅም።

ሌላም ጥቅም አለው። ሙቀት ያበላሸው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ተያይዞ ይረጋል፣ አይመለስም። እኛ በምንሠራበት የግፊት ክልል ግን ብዙ ፕሮቲኖች ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ደግሞ ማስላት ይቻላል።

ፕሮቲኔ ላይ ቀለም መለጠፍ አለብኝ?

የግድ አይደለም። ፕሮቲኑ ውስጥ ትሪፕቶፋን የተባለው፣ በራሱ የሚያበራ አሚኖ አሲድ ካለ ተፈጥሮ ሥራውን ጨርሳላችኋለች። በ295 ናኖሜትር አብሩበት፤ በዚህ ሞገድ ሌላው የሚያበራ አሚኖ አሲድ፣ ታይሮሲን፣ እምብዛም ስለማይነቃ ጣልቃ አይገባባችሁም። ትሪፕቶፋኑ ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ተወሽቆ ከሆነ ብርሃኑ 330 ናኖሜትር አካባቢ ይወጣል። ውሃ ካገኘው ወደ 350 ይሸሻል። ይህን ሽሽት ነው የምንከታተለው።

ትሪፕቶፋን አንድ ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ስድስት ሰባት ካለ የምታዩት አማካያቸውን ነው፤ የትኛው ምን እንዳለ ለመለየት በሚውቴሽን አንድ በአንድ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ትሪፕቶፋን ከሌለ ወይም ሌላ ጥያቄ ካላችሁ ቀለም ትጨምራላችሁ። ዳንሲል ከፕሮቲኑ ጋር ይታሰራል። ኤኤንኤስ ውሃ ጠል የሆነ ቦታ ሲያገኝ ይደምቃል። ላውርዳን ለሊፒድ ሽፋን ነው፤ ማለትም የሴል ሽፋን ለሚሠራበት የስብ ዓይነት።

እስቲ አንድ እውነተኛ ምሳሌ በቁጥር አሳዩን።

ስታፊሎኮካል ኒውክሌስ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው ኢንዛይም ነው። 149 አሚኖ አሲድ፣ አንድ ትሪፕቶፋን፣ ቦታው 140ኛ። በዚህ ሙያ ውስጥ እንደሱ የተጨመቀ ፕሮቲን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ተጣጥፎ ሳለ ትሪፕቶፋኑ ደምቆ ያበራል። ግፊቱ ሲጨምር ብርሃኑ ይደክማል፣ ቀለሙም ወደ ረዥሙ ሞገድ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ግፊት ላይ የሚገኘውን ቁጥር በግራፍ ስታስቀምጡት መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ እንደገና ሜዳ ይሆናል። ቁልቁለቱ የፕሮቲኑ መፈታት ነው። ቁልቁለቱ ከተሳለ የቮሊዩም ለውጡ ትልቅ ነው፤ ከተንጋለለ ትንሽ ነው።

አሁን ቁጥሩ። ለዚህ ፕሮቲን የቮሊዩም ለውጡ በሞል 70 ሚሊ ሊትር ያህል ቅናሽ ነው እንበል። አንድ ሜጋፓስካል በአንድ ሚሊ ሊትር ሲባዛ አንድ ጁል ነው፤ ይህች ዝምድና ብዙ ስሌት ታቀልላለች። ስለዚህ በ100 ሜጋፓስካል የሚዛኑ ለውጥ 70 በ100፣ ማለትም 7 ኪሎጁል በሞል ይሆናል። በ25 ዲግሪ የጋዝ ቋሚው በሙቀቱ ሲባዛ 2.48 ኪሎጁል ገደማ ነው። ሰባትን ለእሱ አካፍላችሁ ኤክስፖኔንሺያሉን ስትወስዱ 17 ያህል ይመጣል። በየ100 ሜጋፓስካሉ የተፈታው ከተጣጠፈው ጋር ያለው ንጽጽር 17 እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ፕሮቲኑ ያለ ግፊት የሚረጋበት ኃይል 15 ኪሎጁል ከሆነ፣ 15,000 ለ70 ሲካፈል 214፤ ግማሽ መንገዱ ላይ የሚደርሰው በ214 ሜጋፓስካል ነው።

እና እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ፕሮቲን ራሱ የሚይዘው ቦታ በሞል ወደ 12,000 ሚሊ ሊትር ነው። 70 ማለት ከዚያ ግማሽ በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጠቅላላው ትያትር የሚሠራው በዚህች ቅንጣት ቦታ ነው።

መሣሪያው ምን ይመስላል?

መሃሉ የተቦረቦረ ወፍራም ብረት። አይዝጌ ብረት ወይም ቤሪሊየም ያለበት መዳብ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት መስኮት አለው፤ በአንዱ ብርሃን ይገባል፣ በቀኝ ማዕዘን ባለው ሌላ መስኮት ፍሎረሰንሱ ይወጣል። ከብረቱ በቀጭን ቱቦ ፓምፕ ይያያዛል። የእጅ ፓምፕ ከሆነ አሠራሩ የመኪና ክሪክ ነው፤ እጀታውን ታወርዳላችሁ፣ ታነሣላችሁ፣ ፈሳሽ ይገፋል፣ ጌጁ ላይ ቁጥሩ ይወጣል። ሙቀቱን ለመቆጣጠር በብረቱ ውስጥ ወይም ዙሪያ ውሃ ይዞራል። ሙሉው ነገር ተራ ፍሎሪሜትር (የፍሎረሰንስ መለኪያ) ላይ የናሙና ክፍሉን ቦታ ይይዛል።

ናሙናው ግን ግፊት ከሚያስተላልፈው ፈሳሽ ጋር አይቀላቀልም። ትንሽ ጠርሙስ መሳይ የኳርትዝ ኩቬት ውስጥ ይገባል፤ አፉ በተጣጣፊ ፕላስቲክ ይዘጋል። ፕላስቲኩ ሲገባና ሲወጣ ግፊቱ ወደ ውስጥ ያልፋል። ከውስጥም ከውጭም ግፊቱ እኩል ስለሆነ ቀጭኑ ኩቬት አይሰበርም። ዙሪያውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ራሱ የማያበራ፣ ለስፔክትሮስኮፒ የሚሆን ንጹሕ ኤታኖል ነው።

ኩቬቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ፕሮቲኑ የሟሟበትን ፈሳሽ መጀመሪያ በቫኪዩም አየሩን አውጡለት። በመርፌ ከሥር ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ሙሉ፣ አፉ ላይ ጉብ እስኪል። ፕላስቲኩን ከጎን አንሸራታችሁ ዝጉ። ከዚያ ገልብጡትና በጣት ጥፍር መታ መታ አድርጉት። አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ ክፈቱና እንደገና። አረፋ ያለበት ኩቬት ሲጨመቅ ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ይሰረጉዳል፣ ይቀደዳል፣ ኤታኖሉ ፕሮቲኑ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን የምታገኙት ግራፍ የግፊት ሳይሆን የአልኮል ነው።

መስኮቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃችኋል?

ምክንያቱም ብርሃንም ማሳለፍ አለበት፣ ግፊትም መሸከም አለበት። ሰንፔር ጠንካራ ነው፣ አልትራቫዮሌትም ያሳልፋል። ኳርትዝ በአልትራቫዮሌት ግሩም ነው፣ ግን ከሰንፔር ይደክማል። አልማዝ በጥንካሬ ሁለቱንም ያሸንፋል፤ ኪስ ግን አይችለውም።

መስኮቱ በዋናነት በሙጫ ወይም በጎማ አይደለም የሚዘጋው። በጣም በተወለወለ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይቀመጥና ግፊቱ ራሱ ይጫነዋል፤ ግፊቱ ሲበዛ ማሸጉም ይጠብቃል። ስታስቀምጡት ብርሃን ስር አዘንብላችሁ እዩት። የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው ቀለበቶች ከታዩ በመሃል አቧራ ወይም ክፍተት አለ። አንሥታችሁ ጥረጉት። የጣት አሻራ እንኳን ሊክ ያስደርጋል።

የፖላራይዜሽን ወይም አኒሶትሮፒ ልኬት (ብርሃኑ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ አይቶ ሞለኪውሉ ምን ያህል እንደሚሽከረከር የሚናገረው) ከሆነ የምትፈልጉት ሌላ ጣጣ አለ። ሰንፔር በተፈጥሮው፣ ኳርትዝ ደግሞ ሲጨነቅ፣ የሚያልፍባቸውን ብርሃን ፖላራይዜሽን ያዛባሉ። ፕሮቲኑ ሳይነካ ቁጥሩ ይወርዳል። መፍትሔውን ፓላዲኒና ግሬጎሪዮ ዌበር በ1981 አሳዩ፤ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ የማይሽከረከር ቀለም ይዞ፣ ትክክለኛ ቁጥሩ በታወቀ ናሙና፣ በየግፊቱ መስኮቱ የሚያዛባውን ለክቶ ማረም። አሰልቺ ነው። ግን ሳይሠሩት አኒሶትሮፒ ማውራት አይቻልም።

ዌበር ስሙ በየቦታው ይነሣል። ማን ነው?

በ1916 ቦነስ አይረስ የተወለደ አርጀንቲናዊ። ኬምብሪጅ ተምሮ፣ ሼፊልድ አስተምሮ፣ በ1962 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዳንሲልን ለፕሮቲን ያስተዋወቀው፣ ፕሮዳንና ላውርዳንን የሠራው እሱ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ የከፍተኛ ግፊት ሊቁ ሃሪ ድሪካመር ነበር። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ መገናኘታቸው ነው ፍሎረሰንስንና ግፊትን ያጋባው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዌበር በ1997 አረፈ።

የትኛውን ባፈር ልጠቀም?

ባፈር የናሙናው አሲድነት፣ ማለትም ፒኤቹ፣ እንዳይለዋወጥ የሚይዘው ውህድ ነው። ፎስፌትን ተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ፎስፌት ለሌላው ሥራ ሁሉ ደህና ባፈር ነው። ግፊት ሲጨምር ግን ይበልጥ ወደ አዮን ይለያያል፣ ፒኬው (ግማሹ የሚለያይበት ፒኤች) በየ100 ሜጋፓስካሉ 0.4 ያህል ይወርዳል። በ300 ሜጋፓስካል ከአንድ ፒኤች በላይ ወርዳችኋል ማለት ነው። ፕሮቲናችሁ አሲድ የማይወድ ከሆነ በአሲዱ ተፈትቶ እናንተ «ግፊት ፈታው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ትሪስ ይሻላል፤ በግፊት እምብዛም አይናወጥም። የትሪስ ችግሩ ሙቀት ነው፣ ስለዚህ ፒኤቹን ሥራውን በምትሠሩበት የሙቀት መጠን ላይ አስተካክሉ።

ግፊት ከጨመርኩ በኋላ ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?

ሁለት ነገር ነው የምትጠብቁት። አንደኛው ሙቀት። ውሃ በፍጥነት ሲጨመቅ በ100 ሜጋፓስካል 3 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ቀስ ብላችሁ ከጨመቃችሁት ይህ ያን ያህል አያስቸግርም።

ሁለተኛው ፕሮቲኑ ራሱ ነው፣ እሱ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ግፊት ፕሮቲን የሚታጠፍበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ለመታጠፍ የሚያልፍበት መሃለኛው ሁኔታ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ። ኒውክሌስ በተራ ግፊት ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚያደርገውን፣ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ስትደርሱ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ በሰዓት አትመሩ። በአንድ ሞገድ ላይ ብርሃኑን እየተከታተላችሁ መስመሩ እስኪተኛ ጠብቁ። በመሃል ሹተሩን ዝጉት፤ አለዚያ ትሪፕቶፋኑን በብርሃን ታቃጥሉትና መስመሩ መቼም አይተኛም።

ስፔክትረሙ ፈቀቅ አለ። ፕሮቲኔ ተፈታ ማለት ነው?

ቆይ። ገና ነው።

በመጀመሪያ ውሃው ራሱ ተጨምቋል። በ300 ሜጋፓስካል እፍግታው 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ መንገዱ ላይ ያለው ፕሮቲንም በዚያው ልክ ይበዛል። ብርሃን የሚታጠፍበት መጠንም ይለወጣል። ምንም ሳይፈታ ድምቀቱ ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ከድምቀቱ ይልቅ የስፔክትረሙን አማካይ ቦታ የምንከታተለው፤ መብዛትና ማነስ እዚያ ላይ ብዙ አያሳስትም።

በሁለተኛ ደረጃ ትሪፕቶፋን ብቻውን፣ ያለ ፕሮቲን፣ በግፊት ትንሽ ይነካል። ናታ የሚባለውን ቀላል የትሪፕቶፋን ውህድ በዚያው ባፈር፣ በዚያው ግፊት ለኩ። የእሱ ለውጥ ከፕሮቲናችሁ ለውጥ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ የምትጽፉት ነገር የለም። ባፈሩን ብቻውን ለክቶ መቀነስም አይረሳ።

በሦስተኛ ደረጃ መልሶ ማውረድ። ግፊቱን ደረጃ በደረጃ ልቀቁና በመውረጃው ላይ ያሉት ነጥቦች በመውጫው ላይ መቀመጣቸውን እዩ። ካልተቀመጡ ወይ በቂ ጊዜ አልጠበቃችሁም፣ ወይ ፕሮቲኑ ተያይዟል፣ ወይ አልተመለሰም። በዚህ ሁኔታ የቮሊዩም ስሌት አይሠራም፤ ቀመሩ ሚዛን ላይ ያለ ነገር ነው የሚፈልገው።

በመጨረሻ፣ አንድ ትሪፕቶፋን የሚናገረው ስለ ሰፈሩ ነው። እሱ ያለበት ጫፍ ብቻ ላልቶ ሌላው የፕሮቲን ክፍል እንደተጣጠፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙሉው ተፈታ ከማለታችሁ በፊት ሌላ ምስክር ፈልጉ፤ ኤኤንኤስ፣ ኤፍአርኢቲ (በሁለት ቀለሞች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳየው ዘዴ)፣ ወይም ጭራሽ ሌላ ዘዴ።

ፕሮቲኔ ሁለት ተጣምሮ ነው የሚሠራው። ግፊት መጀመሪያ ጥምሩን ነው ወይስ እጥፋቱን የሚፈታው?

ብዙ ጊዜ ጥምሩን። ሁለት ፕሮቲኖች የሚገናኙበት ፊት ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ እዚያ ያሉ የኤሌክትሪክ ሙላት ያላቸው ክፍሎችም ሲለያዩ ውሃን ወደራሳቸው ሰብስበው ያጠብቁታል። ሁለቱም ቦታ ይቀንሳሉ። ፓላዲኒና ዌበር በ1981 ኢኖሌስ የተባለውን የእርሾ ኢንዛይም በዚህ መንገድ ለሁለት ከፍለው፣ ግፊቱ ሲለቀቅ መልሶ ሲጣመር አሳይተዋል።

መለያ ፈተና አለው፣ እኔም በጣም የምወደው ነው። የፕሮቲኑን ክምችት አሥር እጥፍ ጨምራችሁ ሥራውን ድገሙ። አንድ ፕሮቲን ብቻውን ሲፈታ ክምችቱ አያገባውም፣ ቁልቁለቱ እዚያው ይቆማል። ጥምር ሲለያይ ግን ብዙ ሲሆኑ መለያየት ስለሚከብዳቸው ቁልቁለቱ ወደ ከፍተኛ ግፊት ይገፋል። የቮሊዩም ለውጡ በሞል 60 ሚሊ ሊትር ቅናሽ ከሆነ ግፊያው 95 ሜጋፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። ከወጣ ጥምር ነው። ፍሎረሰንስ ማይክሮሞላር እና ከዚያም ያነሰ ክምችት ላይ ስለሚሠራ ይህ ፈተና ለእኛ ቀላል ነው፤ ብዙ ናሙና ለሚፈልጉት እንደ ኤንኤምአር ላሉ ዘዴዎች አይመችም።

ዲኤንኤና የሴል ሽፋንስ?

ዲኤንኤ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ሁለት ገመድ ሆኖ የተጠማዘዘው ዲኤንኤ በግፊት እምብዛም አይደነግጥም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጠነክራል። ጓኒን የበዛበት አራት ገመድ የሆነው ቅርጽ ግን በተቃራኒው ይዳከማል።

የሊፒድ ሽፋን ሌላ ታሪክ ነው፤ ከሁሉም በላይ ለግፊት የሚሰማው እሱ ነው። ዲፒፒሲ የሚባለው ሊፒድ በተራ ግፊት 41 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ግፊት በ100 ሜጋፓስካል ሲጨምር መቅለጫው 20 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይሄዳል። ላውርዳን ብትጨምሩበት ሽፋኑ ሲረጋ 440 ናኖሜትር፣ ሲፈስ 490 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። ቀለሙን እያያችሁ ሽፋኑ ሲረጋ ትከታተላላችሁ። የጥልቅ ባሕር ፍጥረታት የሽፋናቸው ሊፒድ ለምን ከእኛ እንደሚለይ ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ልኬት አላውቅም።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ከላቦራቶሪ ውጭ ማለቴ ነው።

ምግብ ላይ ቀድሞውኑ ገብቷል። ጭማቂና የተዘጋጀ ስጋ ሳይበስል በ400 እስከ 600 ሜጋፓስካል ተጨምቆ ጀርሙ ይገደላል። የጀርሙ ፕሮቲንና ሽፋን እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሆን ከምንጠይቅባቸው መንገዶች አንዱ ፍሎረሰንስ ነው።

ቫይረስም አለ። ከዌበር ጋር የሠራው ብራዚላዊው ጀርሰን ሲልቫ ቫይረሶች በግፊት እንደሚበታተኑ አሳየ። ከዚያ የመጣው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ በሽታ የማያመጣ ግን ቅርጹን ያልጣለ ቫይረስ ማግኘት ከተቻለ ለክትባት ይሆናል።

ዓሣዎቹ ደግሞ አሉ። በ2022 ጃፓን አቅራቢያ 8,336 ሜትር ጥልቀት ላይ ዓሣ ሲዋኝ ተቀርጿል፤ ግፊቱ ከ80 ሜጋፓስካል በላይ ነው። እነዚህ ዓሦች ቲኤምኤኦ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል በሰውነታቸው ያከማቻሉ፣ በጥልቀቱም ልክ ይጨምራል። ፕሮቲኑ ላይ ቲኤምኤኦ ጨምራችሁ የግፊት ልኬቱን ብትደግሙ ቁልቁለቱ ወደ ከፍተኛ ግፊት ሲሸሽ ታያላችሁ።

እስከ ስንት መሄድ እችላለሁ?

ተራው የመስኮት ዕቃ ብዙ ጊዜ 300 እስከ 400 ሜጋፓስካል ነው፤ የተጻፈበትን ገደብ አትለፉ። ጠንከር ያሉት ከዚያ ያልፋሉ። በክፍል ሙቀት ግን 1,000 ሜጋፓስካል አካባቢ ውሃው ራሱ በረዶ ይሆንባችኋል። በተቃራኒው 200 ሜጋፓስካል ላይ ውሃ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ፕሮቲን በቅዝቃዜ ሲፈታ ለማየት ይህ ቀዳዳ ግሩም ነው።

አደገኛ ነው?

ፈሳሽ ሲጨመቅ ከጋዝ በጣም ያነሰ ኃይል ነው የሚያከማቸው፤ ስለዚህ ውስጡ አየር እስከሌለ ድረስ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። የሚያስፈራው ቀጭን የፈሳሽ ፍንጣቂ ነው፤ ቆዳ ይበሳል። ሊክ በእጅ አይፈለግም፤ ወረቀት አስጠጉና ይርጠብ። በመስኮቱ ትይዩ ፊታችሁን አታድርጉ። ግፊት ላይ እያለ ቡሎን ለማጥበቅ ቁልፍ የሚያነሣ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ግቢያችን ውስጥ የግፊት ዕቃ የለም። ከየት ልጀምር?

ተራ ፍሎሪሜትር ካላችሁ ከሥራው ግማሹን ዛሬ መጀመር ይቻላል። የፕሮቲናችሁን ስፔክትረም በ295 ናኖሜትር ያዙ፣ በዩሪያ ደረጃ በደረጃ ፍቱት፣ ዩሪያ በሌለበት የሚረጋበትን ኃይል አስሉ። ያን ቁጥር በጁል አድርጋችሁ ለ70 አካፍሉት፤ ቁልቁለቱ በስንት ሜጋፓስካል እንደሚጠበቅ ግምት ይሰጣችኋል። ግምቱ 600 ከሆነ የመስኮት ዕቃ ካለበት ላቦራቶሪ ጋር ብትጻጻፉም ባዶ ሜዳ ነው የምትለኩት። በዚህ ጊዜ መጠነኛ ዩሪያ ጨምራችሁ ፕሮቲኑን ማዳከምና ቁልቁለቱን ወደ 200 ማውረድ የተለመደ ዘዴ ነው። ምን ያህል ዩሪያ እንደሚበቃ ደግሞ ቅድም የሠራችሁት ግራፍ ላይ ተጽፏል።